ተፈርሞላታል

አክስቴ ሦስት ሌሊት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ብጠራው ሌሎቹ ሆስፒታሎች «እኛን አይመለከትም» ብለው ገጹን ይገለብጡታል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግሉኮሷ መውረድ አቆመ፤ እጇ አበጠ። ሲስተሯን ፍለጋ ኮሪደሩ ላይ ስንቆራጠጥ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሦስት ልጆች መጡልን። ዕድሜያቸው ከሃያ ያለፈ አይመስልም። ጋዋናቸው አዲስ ነው፤ ሱቅ ውስጥ የታጠፈበት መስመር እንኳ ገና አልለቀቀም። አንደኛዋ መርፌውን ያዘች፣ ሁለተኛዋ ደም ስሩ እንዲታይ የስልኳን መብራት አበራች፣ ሦስተኛው ልጅ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ክንድ የሚታሰርበት ላስቲክ ስላልነበረ የእጅ ጓንት አሰሩላት።

አንድ ወጉ፤ አልተገኘም። ሁለት፤ አልተገኘም። በሦስተኛው የልጅቷ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በአራተኛው ጓደኛዋ ተቀበለቻት። አክስቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰው ፊት «አመመኝ» ማለት ነውር የሚመስላት ሴት ናት። ጥርሷን ነክሳ ቆይታ ስድስተኛው ላይ ግን አልቻለችም።

«ልጄ፣ ተማሪብኝ፤ ግድ የለም። የእኔም የልጅ ልጅ እንዳንቺው ተማሪ ናት። ግን የምታስተምርሽ የት አለች?»

ልጅቷ አለቀሰች። አክስቴም እሷን ማባበል ጀመረች። ታካሚዋ አስታማሚ ሆነች ማለት ነው።

እኔ እዚያው ቆሜ ልጆቹን ልቆጣ ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። ነገር ግን የአክስቴ ጥያቄ ቀድሞኝ ወጣ፤ ከእኔ ቁጣም የበለጠ ትክክል ነበር። የምታስተምራት የት አለች?

የምታስተምራትን ማታ አገኘኋት። ከአክስቴ አልጋ ዐሥር ርምጃ ርቃ ነው ያገኘኋት፤ ቀኑን ሙሉም እዚያው ነበረች። ሃያ ስምንት አልጋ ለሁለት ነርስ በተሰጠበት ክፍል ውስጥ ስትሮጥ የዋለች ሲስተር ናት። እኩለ ሌሊት ገደማ ክፍሉ ጸጥ ሲል ሻይ ይዤላት ሄድኩና የቀኑን ነገር አነሳሁባት። ትከላከላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተከላከለችም።

«ጋሼ፣ እኔ ልንገርዎት። ሰኞ ጠዋት ዐሥራ አራት ተማሪ በር ላይ ቆሞ አገኘሁ። ደብዳቤ ይዘዋል። ትቀበያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የኮሌጃቸው አስተማሪ ዓርብ ብቅ ይላል፤ ስም ይጠራና ይሄዳል። ከዚያ ሁሉም ሎግ ቡኩን ይዞ ይመጣል። መርፌ መውጋት፣ ካቴተር ማስገባት፣ ቁስል ማጠብ… እዚያ ላይ ልፈርም ነው።»

«ሲሠሩ አይተዋቸዋል?»

«የትኛውን ዓይኔን?»

«ታዲያ ይፈርማሉ?»

ዝም አለች። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ለማስታወስ ሞክሬያለሁ። «አንዷን ባለፈው ዓመት አልፈርምም አልኩ። እውነትም አትችልም ነበር። ኮሌጁ ደወለልኝ። ኃላፊዬ ጠራኝ። የልጅቷ አባት ከገጠር መጥቶ ደጅ ቆመ፤ በሬ ሸጦ ነው ያስተማራት። ለምን አልፈረምሽም ሲሉኝ የማሳየው ወረቀት የለኝም። አየሁ ልላቸው ነው? እንዴት ነው የሚጣለው? ተምሬው አላውቅማ! ፈረምኩ።»

እንግዲህ ወዳጄ አንባቢ፣ የዛሬው ጠቤ ከልጆቹ ጋር አይደለም። ከዚች ሲስተርም ጋር አይደለም። ጠቤ «ጎበዝ ነርስ ሁሉ ጎበዝ አስተማሪ ናት» ብሎ ካመነውና ይህንን እምነቱን ሥርዓት አድርጎ በየሆስፒታሉ ከተከለው ሰው ጋር ነው። ሰውየው አንድ ሰው አይደለም። ኮሌጅ ውስጥም አለ፣ ሆስፒታል አስተዳደር ውስጥም አለ፣ ጤና ቢሮ ውስጥም ወንበር አለው።

እስቲ እናትህን ወይም አያትህን ስለ እንጀራ ጠይቃት። «ውሃው ስንት ነው?» «እስኪበቃው።» «ምጣዱ መጋሉ በምን ይታወቃል?» «ሲግል ታየዋለህ።» ሃምሳ ዓመት የጋገረች ሴት የምትሰጥህ መልስ ይኸው ነው። ዋሽታ አይደለም፤ ሙያው ከአፏ ወጥቶ እጇ ውስጥ ስለገባ ነው። አሜሪካዊቷ የነርስ መምህር ፓትሪሻ ቤነር በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የጻፈችው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ጀማሪ ነርስ በደንብና በመመሪያ ትሄዳለች፤ የበቃችው ነርስ ግን ሁኔታውን በአንድ ጊዜ ታየዋለች፣ ደንቡንም መቁጠር ትተዋለች። ታዲያ ደንብ መቁጠር የተወችው እንዴት አድርጋ ደንብ ለምትፈልገዋ ታስረዳ? ደም ስር በጣቷ ዳብሳ በጨለማ የምታገኝ ሲስተር አውቃለሁ። «እንዴት አገኘሽው?» ብላት «አለ እኮ!» ነው ያለችኝ። ለአክስቴ ይህ በቂ ነው። ለዚያች ለምታለቅሰው ልጅ ግን በቂ አይደለም።

ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የገዛ እጅህን ሥራ መልሰህ በየርምጃው መበተን ይጠይቃል። እጅህ ሲሠራ አፍህ ምን እያደረግህ እንደሆነ መናገር አለበት። ከዚያ ደግሞ ከሁሉ የከበደው ይመጣል፦ እጅን አጣምሮ ከተማሪው ኋላ መቆም። መርፌውን አለመንጠቅ፣ ግን ደግሞ መቼ እንደሚነጠቅ ማወቅ። በብዙ አገር አንድ ባለሙያ ሁለቴ ወግቶ ካልተሳካለት ለሌላ ይለቃል። ይህንን ለተማሪዋ አስቀድሞ የነገራት ቢኖር ኖሮ አክስቴ ስድስቴ አትወጋም ነበር፤ ልጅቷም ባላለቀሰች። ስህተቱንም የሚናገሩበት ቦታ አለው። ታካሚው አልጋ ላይ ሆኖ ዓይን ዓይናቸውን እያየ አይደለም።

መመዘን ደግሞ ከማስተማሩም የተለየ ሌላ ሙያ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር በ1990 እ.ኤ.አ. የሕክምና ተማሪን ችሎታ በአራት ደረጃ ከፍሎት ነበር። ከታች የሚያውቅ አለ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ፣ ከዚያ ሠርቶ የሚያሳይ፤ ከላይ ደግሞ በዕለት ሥራው ላይ በእርግጥ የሚሠራ። የእኛ ፈተናዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ይወዳሉ። ለሙያ ፈቃድ የምርጫ ጥያቄ ላይ ማጥቆር ጥሩ ነው፤ ይኑር፣ ይቀጥል። ኮሌጅ ውስጥ በፕላስቲክ ክንድ ላይ ወግቶ ማሳየትም ይኑር። የፕላስቲክ ክንድ ግን አያብጥም፣ «ልጄ» ብሎም አይጠራም። አራተኛውን ደረጃ ማየት የሚችለው አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሃያ ስምንት አልጋ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ያስተዋልኩት በሦስተኛው ቀን ነው። አልጋው እግር ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀት አየሁ። የአክስቴ ትንፋሽ በደቂቃ 20። ማታ 20። ሌሊት 20። በማግስቱ 20። የጎረቤቷን ገለጥኩ (አይደረግም፣ አውቃለሁ)፤ እሷም 20። ሳንባዋን ታማ የምታቃስተው የማዶዋ ሴትዮም 20! ያ እጁን ኪሱ ከቶ የቆመው ልጅ እየዞረ ሲጽፍ አየሁትና «ልጄ፣ መቼ ቆጠርክ?» አልኩት። ደነገጠ። «ጋሼ፣ እንዲህ ነው የሚሞላው» አለኝ። ማን እንዳሳየው ጠየቅሁት። ከእሱ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። «አስተማሪ የለም» እያልን ራሳችንን እናታልላለን እንጂ አስተማሪማ አለ። ክፍሉ ራሱ ያስተምራል። ሰልጥና፣ ጊዜ ተሰጥቷት፣ ኃላፊነቱን ተቀብላ የምታስተምር ነርስ ካላቆምን፣ ሃያን ያለ ቆጠራ የሚጽፈው ያስተምራል። መርፌ በሁለት እጅ መልሶ የሚከድነው ያስተምራል። ይሄኛው ደግሞ ቀልድ የለውም። ያገለገለ መርፌ ሳይከደን ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ መጣል እንዳለበት መጽሐፉ ይናገራል፤ ልጅቷ ግን ያየችው ሲከደን ነው፣ ስለዚህ ትከድናለች፣ አንድ ቀን ጣቷን ትወጋለች። የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ያለበት ደም ተማሪ ነች ብሎ አያልፋትም። የአክስቴን ክንድ ብቻ ይዤ የምጮህ እንዳይመስላችሁ። የልጆቹም ነፍስ አለበት።

የድሮው ይሻል ነበር ልበል? ልዕልት ፀሐይ ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምራ በተመለሰችበት ዘመንና ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የነርስ ትምህርት ቤት ማለት ሆስፒታል ውስጥ ያለ ግቢ ማለት ነበር። ተማሪዋ እዚያው ታድራለች፣ ሜትሮኗ በስሟ ታውቃታለች፣ አልጋ ስታነጥፍ እንኳ የአንሶላው ጫፍ ይታያል። አንጋፋ ነርሶች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራል። ስድቡንና ማዋረዱንም ያወራሉ፤ ታካሚ ፊት ተሰድባ ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ የዋለች አውቃለሁ። ስለዚህ አልናፍቀውም። ግን አንድ ነገር ነበረው። የምታስተምረውና የምታስታምመው አንድ ሴት ነበረች። ከዚያ ትምህርቱ ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ መሄዱ ጥሩ ነው፣ ሙያውም በዲግሪ ከበረ። መምህሯ ጓዟን ጠቅልላ አብራ ስትሄድ ግን አልጋው አጠገብ የቀረችውን ነርስ «በይ አንቺ ተረከቢ» ያላት፣ እንዴት እንደምትረከብም ያሳያት አልነበረም። ከዚያ ደግሞ የግል የጤና ኮሌጆች እንደ አሸን ፈሉ። የተማሪው ቁጥር ሲጨምር የአልጋው ቁጥር አብሮት አልጨመረም።

«ይህ የድሃ አገር ችግር ነው፤ ፈረንጆቹ ገንዘብ አላቸው» የሚለኝ ይኖራል። እሺ፣ ወደ ገንዘብ ያላቸው ዘንድ እንሂድ። ብሪታንያ ውስጥ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት ጥያቄ አቅርቦ ካትሊን ደፊ የተባለች የስኮትላንድ ተመራማሪ ጉዳዩን አጠናች፤ ጥናቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጣ። ያገኘችው ምን መሰላችሁ? ነርሶቹ የማይችል ተማሪ ያሳልፋሉ። «ገና ነው፣ ቀጥሎ ያለው ክፍል ያስተካክለዋል» ይላሉ። ቀጥሎ ያለው ክፍል ደግሞ «እስከዚህ ደርሶ እንዴት ይጣላል» ይላል። ስህተቱን በጊዜ በጽሑፍ አይዙትም፤ መጨረሻ ላይ ልጣል ቢሉ ማስረጃ የላቸውም። የተማሪው ሕይወት ይበላሻል ብለውም ያዝናሉ። የእኔ ሲስተር ሻይዋን እየጠጣች የነገረችኝ ይህንኑ አይደለም እንዴ? ስኮትላንድ በሬ ተሸጦ አይደለም፤ ርኅራኄው ግን አንድ ነው።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ያው ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ተማሪ ለመያዝና ለመመዘን የምትፈልግ ነርስ ቢያንስ የዐሥር ቀን ዝግጅት እንድትወስድ ተደነገገ፤ ከዚያ ውስጥ አምስቱ ቀን ከሥራ ነጻ የሆነ የመማሪያ ጊዜ ነበር። በየዓመቱ ዕውቀቷን ታድስ፣ በየሦስት ዓመቱም ራሷ ትገመገም ነበር። ተማሪው በልምምድ ላይ ከሚያሳልፈው ጊዜ ቢያንስ 40 በመቶው በእሷ የቅርብ ወይም የሩቅ ክትትል ሥር እንዲሆን ተባለ። የመጨረሻዋን ፊርማ የምታኖረውም ማንም ብድግ ያለች ሳትሆን ለዚያ ተጨማሪ መስፈርት ያሟላች ነርስ ሆነች። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደንቡን ቀየሩት፤ የምትከታተለውና የምትመዝነው ሁለት የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ አደረጉ። ይህ መለያየት ለእኔ ብዙ ይነግረኛል። ሁለት ወር ሙሉ አብሬህ ሻይ የጠጣሁትን ልጅ ጥዬው ማግስቱን ዓይኑን ማየት ይከብደኛል። ባህሪያችን ከእነሱ ባህሪ ይልቅ ለይሉኝታ የቀረበ ነውና ይህን ደንብ ከእነሱ ቀድመን ማውጣት የነበረብን እኛ ነበርን።

አዎ፣ እኛም ዘንድ ስልጠና አለ። አለ! ሲስተሯን «ተማሪ ስለመያዝ ሰልጥነሽ አታውቂም?» ስላት ሳቀች። «አንዴ መጥቶ ነበር፤ ቢሾፍቱ፣ አምስት ቀን፣ ከነአበሉ።» ማን ሄደ? «የፋርማሲው ኃላፊ።» አበሉ እሱ ዘንድ ተራው ደርሶ ነበር። አንባቢዬ ሳቀ አይደል? እኔም ስቄያለሁ። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ስልጠናዎች አንዳንዶቹ ጥሩ ናቸው፤ አንዱን ጥራዝ አግኝቼ አንብቤዋለሁ፣ ሰው በደንብ አስቦ ጽፎታል። ግን ስልጠናው ሆቴል ውስጥ ይሰጣል፣ ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ቦርሳው ለልጆች ይሆናል፤ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ የቆሙት ዐሥራ አራቱን ልጆች ግን የምትቀበለው ያልሰለጠነችው ናት። የነርስ እጅ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አይመዘንም። አሰልጣኙ ወደ ክፍሉ ይምጣ፤ እሷ ስታስተምር ቆሞ ይያት፣ እሷ ስትመዝን እሱም ያንኑ ተማሪ ይመዝን፣ ነጥባቸው ይለያይ እንደሆነ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ወንበርና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ችግሩ አበል የለውም።

የሆስፒታል ኃላፊዎች መልስ ደግሞ አስቀድሞ ይታወቃል። «ነርስ የለንም፤ ያሉትንም ለማስተማር ካዋልናቸው ታካሚውን ማን ያክመው?» ከባድ ጥያቄ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ዐሥራ አራት ተማሪ የተቀበለ ሆስፒታል ማስተማሩን ቀድሞ ወስኗል። የወሰነው ያለ ዋጋ እንዲሆን ነው፤ ዋጋው ግን አልቀረም፤ የአክስቴ ክንድ ከፈለችው። ነርስ ከሌለ አራት ተማሪ ተቀበል። አራት የተማሩ ልጆች ዐሥራ አራት ከተፈረመላቸው ይሻላሉ። ተማሪ በያዘችበት ሳምንት ሲስተሯ ከምትይዛቸው አልጋዎች የተወሰኑት ይነሱላት። ለኮሌጁ የሚከፈለው የትምህርት ክፍያ ውስጥ የልምምዱም ድርሻ አለበት፤ ልምምዱን የምታስተምረው ግን አንዲት ብር አታይም። ኮሌጁ አስተማሪውን ዓርብ ብቻ መላክ ከፈለገ፣ የቀሩትን አራት ቀናት ለሚሸፍንለት ሰው ይክፈል።

ከሁሉ በላይ ግን «አልፈርምም» የምትል ነርስ ከኋላዋ የሚቆም ሰው ትፈልጋለች። ማየቷን በየሳምንቱ የጻፈችበት ወረቀት ይኑራት፤ ተማሪዋም ጉድለቷን በልምምዱ አጋማሽ ላይ አውቃ ለማስተካከል ጊዜ ታግኝ። ለአባትየውም ደግነቱ ይሄ ነው። በሬ ሸጦ ልጁ የማትችለውን ሥራ እንደምትችል የሚመሰክር ወረቀት መግዛቱን ነግሮት የሚያውቅ የለም። ብትወድቅና ሁለት ወር ብትደግም በሬው በከንቱ አልሄደም ነበር።

ሎግ ቡክ ላይ ያለ ማየት የሚኖር ፊርማ የሐሰት ምስክርነት ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ ያላየውን «አየሁ» ያለ ሰው ይታሰራል። ክፍል ውስጥ ቆማ ያላየችውን «አየሁ» ብላ እንድትፈርም የምናስገድዳትን ግን «ተባባሪ ሠራተኛ» እንላታለን፤ እምቢ ካለች ደግሞ «አስቸጋሪ»። እኔ አሁን የማውቃት ሲስተር አስቸጋሪ መሆን ትፈልጋለች። ለመሆን የሚያስችላትን ዕውቀትና ሥልጣን ግን የሰጣት የለም። «እንዴት ነው የሚጣለው? ተምሬው አላውቅማ!» ያለችውን እስካሁን አልረሳሁትም።

አክስቴ ድና ወጣች። ክንዷ ላይ የቀረው ሰማያዊ ምልክት ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። እሁድ ልጠይቃት ሄጄ ቡና እየተፈላ ሳለ ድንገት ጠየቀችኝ።

«ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች? ያቺ ያለቀሰችው።»

ስንወጣ ዓርብ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው ሎግ ቡካቸውን ሲያቀርቡ አይቻቸዋለሁ፤ ሲስተሯ ግድግዳ ተደግፋ፣ አንዱን ደብተር በሌላው ላይ አስቀምጣ፣ ቀና ሳትል ነበር የምትጽፈው። ልጅቷም መሐላቸው ነበረች።

«ተፈርሞላታል» አልኳት።

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ» አለች አክስቴ። «ቻለች ወይ?»

«ተፈርሞላታል፣ እትዬ።»